እንዳለው አንብቢው

«ቀስ ይበሉ እባክዎ! የሚያባርርዎት የለም!»

ለእሱ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነው። ሰላምታ እንኳ አልቀደመውም።

እሱ የሕግ ቢሯችን አዲስ ጠበቃ ነበር፤ እኔ የጠበቆች ረዳት። የተቀመጥነው የማንበቢያ ክፍል በምንላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ የማይከፈት መስኮት። እሱ ጮክ ብሎ ያነባል፤ እኔ በአንድ ጆሮዬ ማዳመጫ ሰክቼ እከታተላለሁ። ሰውዬው ግን ቤቱ እሳት ተነስቶበት ጥሎት የመጣ ይመስል ይሮጣል።

ቀና ብሎ አየኝ። እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ይቅርታ... እንዳላሰለችዎት ብዬ ነው።»

«እኔን የሚያሰለቸኝ ወደ ኋላ እየመለስኩ መስማት ነው።»

ሳቀ። ከዚያ ዝግ ብሎ ጀመረው። ወይ ድምፅ! የሚያነብልኝ የቤት ኪራይ ውል ነበር፤ እኔ ግን ምን ልበላችሁ... ተከራዩን ወደድኩት፣ አከራዩን ወደድኩት፣ የውሃ ቆጣሪውን ሳይቀር ወደድኩት። ቢሮው ወዲያው «ሬዲዮ» የሚል ስም አወጣለት። እኔን ደግሞ እሱ ራሱ «ጆሮዬ» አለኝ።

ይሄን የማንበብ ነገር ላስረዳችሁ፤ ያለ እሱ የደረሰብን አይገባችሁም።

ቢሯችን ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን ይጠቀማል። እኛ በአጭሩ «ማሽኑ» ነው የምንለው። ደንበኛ ቁጭ ብሎ ብሶቱን ሲናገር ድምፁ ይቀዳል፤ ማሽኑ ያን ሁሉ ለቅሶና ዙሪያ ጥምጥም ሰምቶ ለችሎት የሚቀርብ የጠራ ጽሑፍ አድርጎ ያወጣዋል። ጎበዝ ነው፤ አይካድም። የቢሮው ባለቤት ጋሼ ግን ዕድሜ ልካቸውን በሰው ቃል የኖሩ ሰው ናቸውና ሕግ አወጡ። «ማሽን ይጻፍ፤ ሰው ይፈርም» ይላሉ። ማሽኑ የጻፈውን አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው የደንበኛውን ድምፅ እየሰማ ያመሳክራል። ከተስማማ ሁለቱም ከሥሩ ይፈርማሉ። ከዚያ የተቀዳው ድምፅ ሁለቱም እያዩ ይደመሰሳል፤ የደንበኛ ምስጢር ማሽን ውስጥ አያድርም።

ሌላም ሕግ ነበራቸው። አንባቢና አዳማጭ ዘመዳሞች ወይም ፍቅረኞች መሆን የለባቸውም።

«የሚፋቀሩ ሰዎች አይተራረሙም» ይላሉ ጋሼ።

እኛ ደግሞ መለያየቱን ስለፈራን ደበቅናቸው። ከክፍላችን ስንወጣ እኔ ወደ ግራ፣ እሱ ወደ ቀኝ። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ «እንደምን ዋሉ?» «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?» እንባባላለን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ቢሮው በሙሉ እኛን ሲያወራ እኛ ማንም አላወቀብንም ብለን በራሳችን እንኮራ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ የሆነ ድርጅት ደረቅ ውል እያነበበልኝ ነው። ድምፁ ሳይለወጥ፣ ፊቱ ሳይለወጥ እንዲህ አለ።

«...ተዋዋዮቹ ግዴታቸውን ሳይወጡ ሲቀሩ፣ አንባቢውም አዳማጯን ለትዳር ሲጠይቅ...»

ቅጂውን አቆምኩት።

«እሱ የለም!»

«የለም» አለ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ይጨመር ወይ?»

የማይከፈተውን መስኮት እያየሁ አለቀስኩ።

«ይጨመር...»

ለጋሼ እስክንነግራቸው ትንሽ እንቆይ ተባባልን። የያዝነውን የአንዲት ልጅ ጉዳይ አብረን እንጨርስና እንነግራቸዋለን አልን። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት እኛን ነው።

ጉዳዩ የአንዲት ልብስ ሰፊ ነበር። እትዬ ነው የምንላቸው። ታናሽ እህታቸው ሞታባቸው፣ ልጇን ከጨቅላነቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። የልጅቷ አባትም በሕይወት የለም፤ በየበዓሉ ቤቱ ይወስዳት የነበረው የአባቷ ወንድም ግን «የወንድሜ ደም ናት» ብሎ ልጅቷን ሊወስድ ከሷቸዋል። ሬዲዮ ይሄን ጉዳይ እንደ ሥራ አልያዘውም። እየሄደ የስፌት መኪናቸው አጠገብ ይቀመጥና ሲናገሩ ይሰማቸዋል። ልጅቷ ቁልፍ የሞላበት ቆርቆሮ ይዛ እግሩ ሥር ትጫወታለች። አንድ ቀን እኔም አብሬው ሄጄ ሳለ ከቁልፎቿ ላይ ቀና ብላ ጠየቀችው።

«አጎቴ ይወስደኛል?»

«ማንም አይወስድሽም» አላት በዚያ ድምፁ። «እኔ አለሁልሽ አይደል?»

አመነችው። ያን ድምፅ ሰምቶ የማያምን ማን አለ?

እትዬ ቢሮ መጥተው ቃላቸውን ሰጡ። ማሽኑ ጻፈ። እኛ ክፍላችን ገባን። በአንዱ ጆሮዬ እትዬ፣ በሌላው እሱ።

«ሲከፋው በቀበቶ የሚገርፋት እሱ ነው» ይላሉ እትዬ።

«ሲከፋው በቀበቶ የሚገርፋት እሱ ነው» ይላል ሬዲዮ።

ልክ ነው። ፈረምን። ድምፁን ደመሰስን። ለእትዬም አነበበላቸው፤ ዓይናቸው በስፌት ስለደከመ ሰምተው ነው የሚፈርሙት። ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ሰሙት፣ እንባቸውን ጠረጉ፣ ፈረሙ።

የችሎቱ ቀን ዳኛዋ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«በዚህ ቃለ መሐላዎ ላይ ‹ሲከፋኝ በቀበቶ የምገርፋት እኔ ነኝ› ብለዋል። ፊርማው የእርስዎ ነው?»

እትዬ መጀመሪያ አልገባቸውም። እንዲያውም ፈገግ አሉ። ከዚያ ዞረው ሬዲዮን አዩት።

«ፊርማውስ የኔ ነው... ቃሉ ግን... ልጄ፣ ምንድን ነው የሚሉት?»

ሬዲዮ ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። እዚያ የተጻፈው ዳኛዋ እንዳሉት ነበር።

የሆነውን በኋላ ነው ያወቅነው። እትዬ ቃላቸውን ሲሰጡ አጎትየው የሚያስወራባቸውን ሐሜት ጠቅሰው ነበር፤ «ትገርፋታለች ይለኛል» ብለው። ማሽኑ ሐሜቱን ከራሳቸው ቃል ጋር ቀላቅሎ ሰዎቹን አቀያየራቸው። በጠራ፣ ባማረ አማርኛ።

ጉዳዩ እስኪጣራ ልጅቷ ከአጎቷ ጋር እንድትቆይ ታዘዘ። ሲወስዷት አላለቀሰችም። ሬዲዮን ብቻ ነበር ዞር እያለች የምታየው። እኔ የማየው የአጎቷን ቀበቶ ነበር።

የፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ሬዲዮ ክንዴን ያዘኝ።

«አልሰማሽም እንዴ?!»

«የሰማሁትማ ልክ ነበር! ‹እሱ ነው› ብለህ ነው ያነበብከው!»

«እኔ የማነበው የተጻፈውን ነው!»

«አላነበብክም!»

«እሺ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እትዬን ነበር የምትሰሚው? ወይስ እኔን እያየሽ ነበር?»

ይሄን ያለኝ ያ ሰው፣ በዚያ ድምፅ።

«አንተስ?» አልኩት። «ስምህን ለማዳን እኔን ደንቆሮ ልታደርገኝ ነው?»

ክንዴን ለቀቀው። ከዚያ በኋላ ኮሪደር ላይ ስንተላለፍ እውነተኛ ባዳ ሆንን። እንደምን ዋሉም ቀረ።

ጋሼ ሁለታችንንም ጠርተው አስቀመጡን። እሳቸው አይጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«ማሽኑ ነው ጋሼ» አለ ሬዲዮ። እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል፤ ዓይኑ ደም መስሏል።

«ማሽኑ ጻፈ። ማን ፈረመ?»

ሁለቱ ፊርማዎቻችን ያሉበትን ግልባጭ ወደ እኛ ገፉት።

«ማሽኑ ችሎት ፊት ቆሞ አይምልም። አያፍርም። እንደ አንተ እንቅልፍ አያጣም። እናንተን እዚያ ክፍል ያስቀመጥኳችሁ ለዚህ ነበር።» ተነፈሱ። «ድምፁ ተደምስሷል። እትዬ ምን እንዳሉ ከእናንተ ሌላ የሚያውቅ የለም። ግቡና ከመጀመሪያው አንብቡት። ምን እንደነካችሁ ሳታውቁ እንዳትወጡ።»

ገባን። አልተያየንም። የምሰማው ቅጂ ስለሌለ ከኋላው ቆሜ ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተከልኩ። በፊት ከኋላው ቆሜ አላውቅም። ፀጉሩ መሐል ሽበት እንዳለው ያን ቀን ነው ያየሁት።

«‹ታናሽ እህቴ ስትሞት ልጅቷ ገና አፏን አልፈታችም ነበር...›»

«ቁም።»

«ምነው?»

«እሷን ደግመህ አንብባት።»

«‹ታናሽ እህቴ ስትሞት...›»

ጣቴን ቃሉ ላይ አሳረፍኩ።

«ጣቴ ያለበትን።»

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው።

«...‹ታላቅ›» አለ።

ማሽኑ ታናሽየዋን እህት ታላቅ አድርጎ ጽፏታል። ደግሞ ያነበበውም ያው ራሱ የሚያውቀውን ነው። እትዬ ስለ ታናሽ እህታቸው ሲነግሩት ስለከረሙ አንደበቱ የሚከተለው እሳቸውን እንጂ ወረቀቱን አልነበረም። አልዋሸኝም። እኔም አልደነቆርኩም። ጉዳዩን በልቡ ስላወቀው ማየት አቁሞ ነበር፤ አፉ ሳያውቀው የማሽኑን ስሕተት እያረመ ያነባል፣ ወረቀቱ ግን እንደተሳሳተ ችሎት ገባ። እኔም፣ እትዬም፣ የሰማነው እሱን ነው። ወረቀቱን ያየ አልነበረም።

«እሳቸውን ነበር የማነበው» አለ። ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «በዚህ አፌ... ማንም አይወስድሽም ብያት...»

ደረጃው ላይ ያለኝን ሁሉ ይቅር አልኩት። ጭንቅላቱን ደረቴ ላይ አስጠጋሁት። ብዙ ቆየን። ቀና ሲል ግን ዓይኑ ደርቆ ነበር።

«ይሄን ችሎት ፊት ትናገሪያለሽ።»

«ፈቃድህን ይነጥቁሃል! ‹ቃል በቃል አንብቤአለሁ› ብለህ ፈርመሃል እኮ።»

«ልጅቷ እዚያ ቤት ናት።»

«በኔ ይለፍ። አልሰማሁም ልበል፤ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር ልበል!»

«እንደዚያ ካልሽማ ወረቀቱ ልክ ነው ማለት ነው! እትዬ ብለውታል ማለት ነው!» እጄን ያዘኝ። «ጆሮዬ... የማታውቂኝ ያህል ተናገሪ።»

«እሱን አልችልም» አልኩት። «እንደሰማሁት ግን እናገራለሁ።»

ወጥተን ለጋሼ ሁሉንም ነገርናቸው፤ ፍቅራችንንም ጨምረን። አልገረማቸውም።

«ዓይን የለኝም መሰላችሁ?» አሉ። «ያኔ ልለያችሁ ይገባ ነበር። ሁለታችሁ ስትሠሩ ያምርባችኋል ብዬ ዝም አልኩ። እኔም ከናንተ ጋር ነው የምጠየቀው።»

ችሎት ቀርቤ ማልኩ። የአጎትየው ጠበቃ ፈጥኖ ተነሣ።

«ከተከሳሿ ጠበቃ ጋር ምን ግንኙነት አለዎት?»

«እጮኛው ነኝ።»

ሰዉ ተንሾካሾከ።

«እንግዲያው ለሚወዱት ሰው ሊመሰክሩ ነው የመጡት!»

«አይደለም» አልኩ። «በምወደው ሰው ላይ ልመሰክር ነው የመጣሁት።»

ዳኛዋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«ይቀጥሉ።»

«ወረቀቱ ላይ የሌለውን አነበበ። የተጻፈውን አላነበበም። ቃል በቃል አንብቤአለሁ ብሎ የፈረመው... እውነት አይደለም።»

አንዷን ዓረፍተ ነገር ጨርሼ ወደ ሌላዋ ስሄድ እቆማለሁ። ያኔ ወደ እሱ አያለሁ። እሱ ደግሞ አንገቱን ነቅነቅ ያደርግልኛል፤ ማዳመጫ ሰክቼ ሳለሁ «ልቀጥል?» ሲለኝ እኔ የማደርግለትን። እንዲህ እየነቀነቀ አስጨረሰኝ። እየነቀነቀ እንጀራውን በእጄ አስቆረጠኝ።

ዳኛዋ መዝገቡን አገላበጡ። የእህትየዋ የሞት ምስክር ወረቀት እዚያው ነበር፤ ታናሽ ናት። ቃለ መሐላው ታላቅ ይላል። ወረቀቱ በአንዱ ከሳተ በሌላውም ሊስት ይችላል አሉ፤ ልጅቷ ስትመረመር ደግሞ ትኩስ የቀበቶ ሰንበር ያለበት ጀርባዋ የቀረውን ተናገረ። ዛሬውኑ ወደ አክስቷ ትመለስ ብለው አዘዙ።

አሸነፍን። በታሪኬ ውስጥ ደስ የሚለው ቦታ ይሄ ነበር፤ አለፈ።

ቅዳሜ ዕለት ለልጅቷ አሻንጉሊት ገዝተን ሄድን። እትዬ በሩን በግማሽ ከፍተው እኛን ሲያዩ ወጥተው ከኋላቸው ዘጉት። የስፌት መኪናው ድምፅ የለም።

«እትዬ፣ እንዴት ነች?» አላቸው።

ከውስጥ የሆነ ነገር ወደቀ። ቁልፎች ወለሉ ላይ ሲበተኑ ተሰማ፤ ከዚያ የሚሮጥ ትንሽ እግር፤ ከዚያ የቁም ሳጥን በር ሲዘጋ።

እትዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ሰማህ? አንተን አልረግምህም ልጄ። ያደረግከውን ለማረም የከፈልከውን አውቃለሁ። ግን አትምጣብን። እዚያ ቤት ‹አክስትሽ ራሷ እገርፋታለሁ ብላ ፈርማለች› ብለዋታል፤ እኔን እንኳ ገና እያየች ነው የምትጠጋኝ። ያንተን ድምፅ ስትሰማ ደግሞ... ማንም አይወስድሽም ያልካት አንተ ነህ።»

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። አሻንጉሊቱን ደጃፉ ላይ አስቀምጠን ተመለስን። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንጂ አውጥቶ አይናገርም ነበር።

የጥብቅና ፈቃዱ ለዓመታት ታገደ። ጋሼም ተቀጡ፤ ቅጣታቸውን ተቀብለው የንባቡን ሕግ ለወጡ። ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው አያነብም። አዳማጩ ወረቀቱን በዓይኑ ይከተላል። የተቀዳው ድምፅም ጉዳዩ ተወስኖ እስኪዘጋ በጋሼ ካዝና ይቆለፋል፤ የሚደመሰሰው ከዚያ በኋላ ነው። ማሽኑ አሁንም አለ፤ አሁንም ጎበዝ ነው። እኔም አሁንም አዳምጣለሁ። የሚያነብልኝ ሌላ ሰው ነው፤ አፍንጫው የታፈነ ሰው። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ለሥራው እሱ ነው የሚሻለው።

ሬዲዮ በአንድ የቤት ዕቃ መደብር ዕቃ ተረካቢ ሆኖ ተቀጠረ። አንድ ምሽት ከሥራ ስንወጣ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆመን፣ መሬት መሬቱን እያየ ተናገረኝ።

«ተይኝ እባክሽ። እኔ ለማንም የምሆን ሰው አይደለሁም። ያየሁትን እንኳ ማየቴን አላምንም።»

«እኔ አይልሃለሁ።»

«ታዝኚልኛለሽ ማለት ነው።»

«አዎ፣ አዝንልሃለሁ። እናደድብሃለሁም። አንዳንድ ቀን ደረጃው ላይ ያልከኝ ትዝ ሲለኝ በጥፊ ላጮልህ ያምረኛል። ግን ይጨመር ብዬሃለሁ፤ አልሰርዝም።»

አውቶቡሱ መጣ፣ ሄደ። አልተሳፈርንም።

የጋብቻ መዝጋቢው ቢሮ የሄድነው በአዘቦት ቀን ነው። ምስክሮቻችን ጋሼና እህቴ ናቸው። ሠራተኛዋ ወረቀቱን ገፋ አድርጋ «እዚህና እዚህ ላይ ይፈረማል» አለች። እህቴ እስክሪብቶ አቀበለችው። እሱ አልተቀበላትም።

«መጀመሪያ አንብቢልኝ» አለኝ። «እኔ እከታተላለሁ።»

ከኋላችን ወረፋ አለ። አንዱ «ወንድሜ፣ አሁን ነው እንዴ የምታስብበት?» ብሎ ሰዉን አሳቀ። እሱ አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ጣቱን የመጀመሪያው ቃል ላይ አሳረፈ።

ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ጣቱ ከድምፄ ጋር ይሄዳል፤ ቃል በቃል፣ እንደ ልጅ። የሱን ስም አለፍን፣ የኔን ስም አለፍን። ያን ጣት ሳየው ልቤ አልችል አለ። ትንሽ ላስደስተው ፈለግኩ፤ እሱ በውሉ መሐል ትዳር ጨምሮ እንዳስደሰተኝ።

«‹...ከላይ ስማቸው የተጠቀሰው ተጋቢዎች፣ በደስታና በነጻ ፈቃዳቸው...›»

ጣቱ ቆመ።

«በደስታ የሚል የለም» አለ።

«የለም» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ እንባ ሞልቶት ነበር። ሁለታችንም አንዲት ከቁም ሳጥን ውስጥ ያልወጣች ልጅ እናስብ ነበር።

«እንዳለው አንብቢው።»

ወደ ኋላ ተመለስኩ።

«‹...ከላይ ስማቸው የተጠቀሰው ተጋቢዎች፣ በነጻ ፈቃዳቸው...›»

ጣቱ ተንቀሳቀሰ። እስከ መጨረሻው አብረን ደረስን። ከዚያ ፈረምን።